በእጄ ፊደል የተነበበ ስእለት

ወሬው የደረሰኝ ጅግጅጋ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ የአንዲት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ እየመዘገብኩ ሳለ ነው። እናቴ ከነቀምቴ ደወለች። እናቴ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ቁጥሯን በዚያ ሰዓት ሳይ ሰው ሞቷል ብዬ ስላመንኩ፣ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት አማትቤ ነበር።

‹‹ለምን ደበቅሽኝ?›› አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

‹‹ምኑን ነው እማዬ?››

‹‹አገር ከሰማው በኋላ እኔ ልስማ? እኔ እናትሽ ነኝ ወይስ የሰፈር ሰው?››

‹‹ማን ነው የሞተው? ንገሪኝ በቃ።››

‹‹የሞተስ የለም። ተመለሰልሽ አይደል? እንኳን ተመለሰልሽ። እመቤቴ ትመስገን። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስትብሰለሰዪ…›› የቀረውን ለቅሶ ዋጠው።

‹‹ማነው የተመለሰው?››

‹‹ባልሽ ነዋ።››

ባለቤቴ የጉድጓድ ውሃ ባለሙያ ነው። ያን ሳምንት ወደ ደገሃቡር ወርዶ ገና አልመጣም ነበር። እናቴ ስለዚሁ ጉዞ የሰማች መስሎኝ ‹‹ኧረ ገና ነው፣ ፊልድ ላይ ነው›› አልኳት።

‹‹እሱን እኮ ነው የምልሽ፤›› አለች፤ ‹‹ፊልድ ፊልድ እያለ የከረመው ለካስ ይሄ ኖሯል።››

ከጠረጴዛዬ ማዶ ያለችው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደር ወጣሁ። ነገሩን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ የሰማሁት እዚያ ግድግዳ ተደግፌ ነው።

ከመደወሏ አንድ ቀን በፊት የኅዳር ጽዮን በዓል ነበር። በእኛ ደብር በዓሉ ሲከበር፣ ታቦቱ ከመግባቱ በፊት፣ ስእለታቸው የደረሰላቸው ሰዎች ወረቀት በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ጃንጥላ ያስገባ አለ፣ ምንጣፍ ያስገባ አለ፣ ጧፍ ብቻ የያዘም አለ። ሴቶቹ ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ የቤት ገመና ያለበት ስእለት ከሆነ ስም አይጻፍም። ከሥር ‹‹ስሜ ይቆየኝ›› ይባላል፤ አንባቢውም እንደዚያው አንብቦ ያልፋል፤ ሕዝቡም የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ እልል ይላል። ልጅ ሆኜ ይህን ነገር በጣም እወደው ነበር። ለማታውቂው ሰው ደስታ እልል ማለት።

ያን ቀን የተነበበው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ‹‹እመቤቴ ሆይ፣ የባሌን ልብ ከሰው ደጅ መልሰሽ ወደ ቤቱ ብታመጪልኝ ለመቅደስሽ መጋረጃ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ሰምተሽኛል። መጋረጃውን አስገብቻለሁ። ስሜ ይቆየኝ።››

አንባቢው መሪጌታ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን መነጽራቸው አጠገብ አድርገው አዩትና ፈገግ አሉ አሉ። ከዚያ በማጉያው፣ ‹‹ስሟን ብትተወውም እጇን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ርቃ ሳለች ደጇን ያልረሳች እህታችን ናት። እናቷም ይኸው እዚሁ ቆመዋል›› አሉ። ሕዝቡ ወደ እናቴ ዞረ። እልልታው ቀለጠ። እናቴ ቆማ አለቀሰች፤ ሰዉም የደስታ ለቅሶ ነው ብሎ አብሯት አለቀሰ።

መሪጌታን አልቀየምኳቸውም። እጄን ያውቁታል ሲባል በከንቱ አይደለም። ነቀምቴ እያለሁ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የአማርኛ ፊደል የማይሆንላቸው፣ ቁቤ ብቻ የሚያነቡ ወይም ጭራሽ ያልተማሩ እናቶችም የስእለታቸውን ቃል ሊያስጽፉ ወደ ደጃችን ይመጡ ነበር። አንዷ በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ አሰፍራለሁ፤ መልሼ በኦሮምኛ አነብላታለሁ፤ ‹‹ቶሌ፣ እንደሱ ነው›› ስትል አጥፋ ጉያዋ ትከተዋለች። ጥድፊያ ስላለ ፊደሌ ወደ ቀኝ ጋደል ይላል። የ‹‹በ›› እና የ‹‹ሰ›› እግር ይረዝማል፤ የፊደሉ ራስ ቀጭን ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እስክሪብቶው ይጫናል፤ አራት ነጥቡን ቦታ ቦታው ላይ አላስቀምጠውም፣ እንደ ጤፍ ነው የምበትነው። አምሮልኝ አይደለም። የለመዱት ስለሆነ ነው የወደዱት።

የእጅ ጽሕፈቴ ወደ ኮምፒውተር ፊደልነት የተለወጠበት መንገድ ቀላል ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር የኮምፒውተር መምህር ነበር። ኮምፒውተር ላይ ያለው የአማርኛ ፊደል ሁሉ ሰልፍ ላይ የቆመ ወታደር ይመስላል ይል ነበር። ‹‹በዚህ ፊደል እንዴት ሰርግ ይጠራል? ለምርመራ የተጠራ ነው የሚመስለው›› ይላል። አንድ ቀን ሣጥን ሣጥን የተሰመረበት ወረቀት አምጥቶ፣ ከሀ እስከ ፐ ከነእርባታው በየሣጥኑ እንድጽፍለት ለመነኝ። እኔ መቼም ጥንቃቄ አበዛለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ፣ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው አድርጌ ጻፍኩ። አይቶ ሳቀ።

‹‹እህቴ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም። ይሄ የመምህርሽ ነው። ለእነዚያ እናቶች የምትጽፊውን ጻፊልኝ።››

‹‹እሱ እኮ ጭረት ነው።››

‹‹ጭረቱን ነው የምፈልገው።››

ጭረቱን ሰጠሁት። እሱም ሠርቶ ለማንም የፈለገ ሰው በነፃ ለቀቀው። ዓመት ሳይሞላ በየጽሕፈትና ሕትመት ቤቱ ገባ። መጀመሪያ የሰርግ ጥሪ ላይ አየሁትና ደስ አለኝ፤ ለምን ልዋሽ። ቀጥሎ የምርቃት ባነር ላይ፣ የክርስትና ካናቴራ ላይ፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ መጣ። አርጆ ለቅሶ ሄጄ ከአንድ ጭማቂ ቤት መስታወት ላይ ‹‹አቮካዶ ስፕሪስ›› የሚለውን በራሴ እጅ ተጽፎ ሳነብ፣ መቼ እንደጻፍኩት ለማስታወስ ሞክሬ ነበር፤ ያን ያህል ነው። በሁዳዴ ጾም ደግሞ ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ‹‹የበግ ጥብስ በየዓይነቱ አለ›› ብሎ በእኔ ፊደል ለጠፈ። እናቴ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። ‹‹ሥጋ ቤት ተቀጠርሽ ወይ ይሉኛል›› ትለኝ ነበር፤ ግማሽ ቀልዷን ነው፣ ግማሽ እውነቷን።

ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። አግብቼ ወደ ጅግጅጋ ስመጣ ደግሞ ረሳሁት። እዚህ ፊደሌን የሚያውቅ የለም፤ እኔም እንደ ማንኛዋም ሴት ቢሮ ገብቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ልጆቼን አሳድጌ እኖራለሁ። የቤቴን ነገር ከጓዳ የማላሳልፍ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ቢቆጣኝ እንኳን መስኮት ዘግቼ ነው የምቆጣው። እንግዲህ የዚህች ሴት ትዳር ነው በድምፅ ማጉያ የተነበበው።

እናቴ ወረቀቱን ከመሪጌታ ተቀብላ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ጎረቤት በስልክ ፎቶ እንዲያነሳላት ለምኛት ላከችልኝ። ገና ሳየው የኔ እጅ አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሆነም አወቅሁ። ሰማያዊ ቀለም ነው፣ እስክሪብቶ እንዲመስል። ግን ‹‹መ›› በገባበት ሁሉ የቀኝ ሆዱ ሳይገጥም ክፍት ቀርቷል፤ ሁሉም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን። ያን ጊዜ በሣጥኑ ላይ ስጽፈው እስክሪብቶዬ ስቶኝ ነበር። ሰው ሲጽፍ ይስታል፤ ግን ሁልጊዜ እኩል አይስትም።

ለእናቴ ደወልኩላት። ‹‹እማዬ፣ ይሄ የማሽን ነው። ያ መምህር የሠራው ፊደል ነው።››

‹‹እጅሽን አላውቀውም?›› አለች።

‹‹መ-ዎቹን ተመልከቻቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው።››

‹‹ያንቺ ስለሆኑ ነዋ አንድ የሆኑት። ልጄ፣ አታስረጂኝ። አልፈርድብሽም።››

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት የማልፈልገው ዓይነት ሰው ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። የእናቴ ቤት በእንኳን ደስ አለሽ ተሞልቷል። አንዷ ‹‹ወንድ እንዲህ ነው፣ ዞሮ ዞሮ እራቱን የሚበላው ቤቱ ነው›› ትላታለች። ሌላዋ ‹‹ያ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው? አንገት የሚደፋውን ነው መፍራት›› ትላለች። እናቴ ይህንን ሁሉ በስልክ አንድ በአንድ ታቀርብልኛለች። እዚህ ደግሞ ጸሎቴ ተበላሸ። አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ በመካከል ‹‹ማን ናት ግን?›› የሚል ይገባብኛል።

ባለቤቴ ከፊልድ ሲመለስ፣ ልብሱ ላይ ያለውን አሸዋ እንኳን ሳያራግፍ ነገርኩት። ቁጭ ብሎ ሰማኝና፣

‹‹ተመለሰ ነው ያሉት?›› አለ።

‹‹አዎ።››

‹‹ጥሩ ነው። ሄዶ ቀረ ቢሉ ይከፋ ነበር።››

‹‹አትቀልድ። ስምህ ነው።››

‹‹ስሜን እዚያ ማንም አይጠራውም። ‹የእከሊት ባል› ነው የምባለው። ከፈለጉ ‹የተመለሰው ባል› ይበሉኝ። ሴትየዋ ግን ማን ትሆን? ምን ያህል ጨንቋት ይሆን?››

ይህን ጥያቄ እኔ እስከዚያች ሰዓት አልጠየቅሁም ነበር። ማን ናት ብያለሁ፤ ምን ሆና ይሆን አላልኩም። ሲናገረው እንኳን ለሷ በማሰቡ ተናደድኩበት እንጂ አልተማርኩበትም።

በማግሥቱ ለመሪጌታ ደወልኩ። አሳዘኑኝ፤ ‹‹ልጄ፣ እኔ እኮ ያከበርኩሽ መስሎኝ ነው›› አሉ።

‹‹አውቃለሁ አባቴ። ግን የኔ አይደለም።››

‹‹እንግዲያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አስነግራለሁ። ‹ያ ስእለት የእህታችን አይደለም፤ የስእለቱ ባለቤት ትቅረብና ትታወቅ› እላለሁ። ይበቃሻል?››

‹‹ይበቃኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› አልኩ።

ቀጥዬ ነቀምቴ ወዳለችው የሕትመት ቤት ባለቤት ደወልኩ። ከደብራችን በታች ባለው መንገድ ላይ ነው ሱቋ፤ የስእለት ወረቀት የምታትመው እሷ ናት። ማን እንዳሳተመው ጠየቅኋት።

‹‹አልነግርሽም፤›› አለች ወዲያው።

‹‹እኔን?››

‹‹አንቺን። ለሷም ያንቺን አልነግርም ነበር። ቁጥርሽን ግን እሰጣታለሁ፤ ከፈለገች ትደውል፣ ካልፈለገች ትተው። እሁድ ይነገራል ያልሽውንም እነግራታለሁ። ማወቅ አለባት።››

ዓርብ ከሰዓት የማላውቀው ቁጥር ጠራ።

‹‹አካም ጂርታ እህቴ፤›› አለች፤ ድምፅዋ የደከመ፣ ግን ቃል በቃል ለይቶ የመናገር ልማድ ያለው ድምፅ ነው። ‹‹የመጋረጃዋ ባለቤት እኔ ነኝ።››

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን ባልጽፈው እመርጥ ነበር። ‹‹ስሜን ምን እንዳደረግሽው ታውቂያለሽ?›› አልኳት። ደህና ነሽ ወይ አላልኩም። ሳምንቱን ሙሉ በአፌ ውስጥ ስላዘጋጀሁት ራሱ ቀድሞኝ ወጣ።

ከኋላዋ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

‹‹ይቅርታ አድርጊልኝ፤›› አለች። ‹‹የሰው መሆኑን አላወቅሁም። ኮምፒውተር ላይ ያለ ፊደል ባለቤት ያለው አይመስለኝም ነበር።››

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። አስተማሪ ናት። ከየትኛው የወለጋ ከተማ እንደሆነች አልጽፍም። የምትኖርበት ከተማ ግማሹ ፊደል የቆጠረው ከሷ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ በእጇ ከጻፈችው የማያውቃት የለም። ስለዚህ ስእለቷን ይዛ ማንም ወደማያውቃት ወደ ነቀምቴ መጣች፤ በእጇም ላለመጻፍ ወሰነች።

‹‹የሱቋ ባለቤት ስክሪኑን አዙራ ፊደሎቹን አሳየችኝ፤›› አለች። ‹‹ያ ቀጥ ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። እመቤቴን በቀበሌ ፊደል ላመስግናት? ነውር ሆነብኝ። ይሄ ግን ሰው የጻፈው ይመስላል። ሰው የጻፈው የሚመስል፣ ግን የኔን እጅ የማይመስል፤ እሱን ነበር የምፈልገው።››

እንዲህ አድርጋ ነው ራሷን የሸሸገችው። በኔ ውስጥ።

‹‹እሁድ ‹የስእለቱ ባለቤት ትቅረብ› ሊሉ ነው አሉኝ፤›› ስትል ነው ድምፅዋ የተቆራረጠው። ‹‹ከቀረብኩ ባሌን ሰው ፊት ማስጣቴ ነው። የመጣው እኮ አፍሮ ነው፤ ገና ቀና ብሎ አያየኝም። እንደገና ካሳፈርኩት ይሄዳል፤ አውቀዋለሁ፣ ይሄዳል። ካልቀረብኩ ደግሞ ምስጋናዬ ያንቺ ሆኖ ቀረ። ስሜ እንዲጠራ አልፈለግሁም። የሌላ ሰው ስም እንዲገባበት ግን አልተሳልኩም። እዚያው ነበርኩ፣ ሴቶቹ መሃል። ሁሉም ዞሮ እናትሽን ሲያይ እኔም አየኋቸው። እልል ማለት አቃተኝ። አንዲት አጠገቤ የቆመች ሴት እንባዬን አይታ የነጠላዋን ጫፍ ሰጠችኝ። ‹አንቺም ስእለት አለብሽ?› አለችኝ። ‹አለብኝ› አልኳት። ‹ይሰማሻል፣ አይዞሽ› አለችኝ።››

እግዜር ይመስክርብኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በጠዋት የምስም፣ ሰው እህል ሲቀምስ እኔ የምጾም ሴት፣ ስእለት የደረሰላትን ሴት በስልክ ይዤ ስለ ስሜ እየተሟገትኩ ነበር። እሷ የፈራችው ምስጋናዋ እመቤታችን ዘንድ ከሌላ ሰው ጋር መቀላቀሉን ነው። እኔ የፈራሁት ጎረቤት ነው። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ማንም ሳያየኝ በእጄ ሸፈንኩት።

‹‹ማስታወቂያው ይቀራል፤›› አልኳት። ‹‹ማንም አይቀርብም።››

‹‹ባልሽስ? እናትሽስ?››

‹‹ባለቤቴ ሄዶ ቀረ ባለመባሉ ደስ ብሎታል።››

ሳትስቅ አልቀረችም። ትንሽ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣው ዓይነት።

ለመሪጌታ ያኔውኑ ደወልኩ። ‹‹አባቴ፣ እሁድ ምንም አያስነግሩ›› አልኳቸው። ‹‹ታዲያ ያንቺ ነበር ማለት ነው?›› አሉ። አልመለስኩም። ዝምታዬን እሺ ብለው ተረዱት መሰለኝ፣ ‹‹አይዞሽ ልጄ›› ብለው ዘጉ።

ይህ እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቃል ብናገር ነፃ እወጣለሁ፤ ቃሉ ግን የሌላ ሰው ቤት ምሰሶ ነው። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ ‹‹ዝም ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ዝም በማለትሽ ግን አትኩሪ›› አሉኝ። ኩራት የት ሊመጣ። ለፋሲካ ሁላችንም ነቀምቴ ስንሄድ ነው የበለጠ የተረዳሁት።

ገና ባጃጁ በራችን ላይ ሲቆም፣ የጎረቤታችን ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ባለቤቴን አቅፈው ሁለቴ ሳሙት።

‹‹ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ፣ እንኳን ተመለስክ፤›› አሉት። ‹‹ወንድ ልጅ ይሳሳታል። እኔም በጊዜዬ ተሳስቻለሁ፤ ተመልሻለሁ።››

ሚስታቸው ከበሩ ሆነው፣ ‹‹አንተ ደግሞ መች ሄደህ፤ በሄድክና ባረፍኩ›› አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ፤ ‹‹ገለቶማ አባቴ›› ብሎ ምርቃታቸውን ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ልጆቼ ሻንጣ እየጎተቱ ያዳምጡ ነበር፤ ትልቋ ‹‹አባዬ የት ነበር የሄድከው?›› አለችው። ‹‹ውሃ ፍለጋ›› አላት። እኔ ግን የባጃጁን ሹፌር ሂሳብ የምከፍል መስዬ ፊቴን አዞርኩ። እሱ የሌላውን ሰው ጥፋት ተሸክሞ ምርቃት ሲቀበል እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ዛሬም ድረስ ከሁሉም የሚከብደኝ ያ ነው፤ በድምፅ ማጉያ የተነበበው አይደለም።

በበዓሉ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መጋረጃዋ ተሰቅላለች፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጠርዟ ወርቃማ ናት። የስእለት ባለቤት ሆኜ የቆምኩ እንዳይመስል ከዓምድ ኋላ ነው የጸለይኩት። ሆኖም አንዲት እናት አይታኝ ትከሻዬን መታ አድርጋ ‹‹ያንቺ ናት፣ እንዴት ታምራለች›› አለችኝ። ‹‹የእመቤታችን ናት›› አልኩ። ትሕትና መሰላት። ሳመችኝ።

እናቴ እስካሁን አታምነኝም። ወረቀቱን ከዳዊቷ አላወጣችም። ባለቤቴ ሲበላ ታያለች፤ ይበልጥ ትቆርስለታለች፤ እንዳይሄድ ነው። አንድ ምሽት ሳህን እያጠብን፣ ‹‹እኔም እኮ ያባትሽን ነገር ተስዬ ነበር፤ የጻፈልኝ ሰው ስለሌለ በቃሌ ነው ያደረስኩት›› አለችኝ። አባቴ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፤ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ገመናዋን የሰጠችኝ እኔም የተካፈልኳት ስለመሰላት ነው። ‹‹የኔ አይደለም›› የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሳህኑን ተቀብዬ አደረቅሁ።

አስተማሪዋ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ባሏ አሁን ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር የቤት ሥራ ይሠራል አለችኝ፤ ቀና ብሎም ያያታል። በቅርቡ ደግሞ እንዲህ አለች፦ ‹‹ከቻልሽ ጻፊው። ስሜንም አገሬንም ተዪው። ግን ያ ምስጋና ያንቺ እንዳልነበረ፣ የአንዲት ሌላ ሴት እንደነበረ፣ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።››

‹‹በየትኛው ፊደል?›› አልኳት።

‹‹በቀበሌውም ቢሆን ግድ የለም›› አለች።

ስለዚህ ጻፍኩ። የስእለቱ ባለቤት እኔ አይደለሁም። መጋረጃዋን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። የተሰማው ጸሎት የሌላ ሴት ነው።

ያን ቀን ደብሩ ቅጥር ውስጥ ለነበራችሁ ሁሉ የምለምነው አለኝ። ንባቡን በስልካችሁ የቀዳችሁ፣ እባካችሁ አጥፉት፤ በቴሌግራም የተቀባበላችሁትም አጥፉት፤ ለኔ ብላችሁ አይደለም። ይህን ካነበባችሁ በኋላም ‹‹ታዲያ ማን ናት?›› ብላችሁ አትፈልጓት። አስተማሪ ናት ማለቴ እንኳን በዝቶብኛል። ወለጋ ውስጥ አስተማሪ ሞልቷል፤ በየቤቱ የሚሄድና የሚመለስም ሞልቷል። መሪጌታ፣ እርስዎም በኔ አይዘኑ፤ ከእንግዲህ ‹‹ስሜ ይቆየኝ›› የሚል ሲመጣ እጁ የማንም ቢመስል እንደ ድሮው ያንብቡትና ይለፉት።

አንቺ ደግሞ የነጠላሽን ጫፍ የሰጠሻት እህት፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ እሷም አታውቅሽም። ፊቷ ትዝ ካለሽ ለማንም አትንገሪ፤ ለንስሐ አባትሽም ቢሆን። ‹‹ይሰማሻል›› ብለሻት ነበር። ተሰምታ ነበር የቆመችው። እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤትሽ ሆነሽ ሰው ሳይሰማሽ፣ ለሷ እልል በዪላት።